ጀይላን ዛጎል ይጥላል የተባለ ጊዜ

ጎረቤቴ ጀይላን ሰው አስቀይሞ አያውቅም። ይህን የምለው ላወድሰው አይደለም፤ ሰው ላለማስቀየም ሲል ስንት ነገር እንዳበላሸ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ጌጃ ሰፈር አንድ የጭቃ ግድግዳ ተካፍለን ኖረናል። እሱ ሲያስነጥስ እኔ ከአልጋዬ ሳልነሳ «ይማርህ» እለዋለሁ፣ እሱም ከማዶ «ያኑርሽ» ይለኛል።

ሱቁ አብነት ነው፤ መስታወት ቆራጭ ነው። የመስኮት፣ የቡፌ፣ የፎቶ ፍሬም መስታወት ይቆርጣል። እጁ ጥሩ ነው፤ አፉ ግን «አይሆንም» የምትለዋን ቃል አልተማራትም። አንዱ «ለነገ ይደርሳል?» ሲለው «ኢንሻአላህ» ይላል፤ ሌላው ለነገ ሲለው ለእሱም «ኢንሻአላህ» ይላል። ነገ ሲመጣ ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው ይጮኹበታል፣ እሱ ደግሞ ለሁለቱም ለስላሳ ያዝዝላቸዋል። ሚስቱ መይሙና «ይኼ ሰውዬ ደንበኛ ሲያጠጣ ዕድሜው አለቀ» ትላለች።

ዓሦቹም ቤቱ የገቡት በዚሁ አመሉ ነው። በ1998 ዓ.ም. አንድ የውጭ ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ዛምቢያዊ፣ ሚስተር ምዋንሳ የሚባል፣ አንድ ሜትር ርዝመት ያለው አኳሪየም እንዲሠራለት አዘዘው። ጀይላን አኳሪየም ሠርቶ አያውቅም። እንደ ልማዱ «ኢንሻአላህ» አለ። የመጀመሪያው ውኃ እንደተሞላ ማጣበቂያው ለቀቀና ሱቁን ከጎረቤቱ ጫማ ሰፊ ጋር አጠበው። ሁለተኛው ያዘ። ሰውየውና ጀይላን በዚያው ተዋደዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ሚስተር ምዋንሳ ወደ አገሩ ሲዛወር ዓሦቹን ከነገንዳቸው፣ ከነአየር ፓምፓቸው፣ ከአንዲት ቀጭን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጋር ጭኖ ጌጃ ሰፈር ድረስ መጣ። ሌላ የሚይዛቸው ሰው አላገኘሁም አለ፤ የተረጎመችው የጀይላን ልጅ ቢልቂስ ናት። ጀይላን ምን እንዳለ መናገር አያስፈልገኝም።

ዓሦቹን ለማየት የሄድኩ ዕለት አላየኋቸውም። አሸዋ አየሁ፤ አሸዋው ላይ የተበታተኑ አሥር ባዶ የቀንድ አውጣ ቤቶች አየሁ፤ ሌላ ምንም የለም።

«የታሉ?» አልኩት።

«ቤታቸው ናቸው። አንቺን ፈርተው ነው።»

ይኼ ሰው ጤና የለውም ብዬ ልነሳ ስል ከአንዱ ቀንድ አውጣ ቤት አንድ አፍንጫ ብቅ አለ። ከዚያ ከሌላው። ጥቂት ቆይቶ ግማሽ ጣት የማያክሉ፣ መስመር መስመር ያለባቸው ዓሦች ወጥተው እያንዳንዱ በየደጁ ቆመ። ጎረቤት ጠጋ ሲል ያባርሩታል። አሸዋ በአፋቸው ይዝቃሉ፣ ጎረቤት ደጅ ላይ ይደፋሉ፣ ተመልሰው ይዝቃሉ። ቁጭ ብዬ አንድ ሰዓት እንዳየሁ የነገረችኝ መይሙና ናት፤ እኔ አልታወቀኝም።

ቢልቂስ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ለጀይላን ያለችው ልጅ እሷ ብቻ ናት። መጽሐፏን እያነበበች ለአባቷ ትተረጉምለታለች። ዓሦቹ የመጡት ከትልቅ ሐይቅ ነው፤ እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ቀንድ አውጣው ቤት ውስጥ ነው፤ ልጆቹ አድገው እንኳ ሩቅ አይሄዱም፣ ከወላጆቻቸው አጠገብ ባዶ ቤት ፈልገው ይገባሉ። ይህቺን የመጨረሻዋን ጀይላን ሁለት ጊዜ አስነበባት።

ችግሩ አገራችን ነበር። ቧንቧ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ መጀመሪያ የዓሦቹ በርሜል ይሞላል፣ ቀጥሎ የመይሙና ጀሪካን። መይሙና ስለዚህ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም። መብራት ደግሞ ያኔ በፈረቃ ነበር። መብራት ሲሄድ የአየር ፓምፑ ይቆማል፣ ዓሦቹም ወደ ላይ እየወጡ አየር ፍለጋ አፋቸውን ይከፍታሉ። ጀይላን መላ አበጀ፦ የብስክሌት መንፊያ ገዝቶ ከቀጭኑ ላስቲክ ቱቦ ጋር አያያዘው። መብራት በሄደ ቁጥር አባትና ልጅ በየተራ ይነፋሉ።

ይኼ ሰው ለደንበኛ የማይነፍገውን ወሬ ለቤተሰቡ ይነፍጋል፤ እቤቱ ሲገባ ዝም ነው። ሲነፋ ግን ያወራል። ከግድግዳው ማዶ ፊስ፣ ፊስ ይላል መንፊያው፣ በመሃሉ ጀይላን ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ወሎ፣ ስለ እናቱ ይነግራታል። ቢልቂስ ትስቃለች። እኔ በበኩሌ መብራት ኃይልን የማልረግመው በእነዚያ ሰዓቶች ብቻ ነበር።

ዓሦቹ ተመቻቸውና ረቡ። አሥሩ ሃያ ሆነ፣ ሃያው ስልሳ። መይሙና ለቁርስ የምትቀቅለው እንቁላል አስኳሉ በወንፊት እየተነፋ ለዓሦቹ ልጆች ይሄዳል፣ ነጩ ለሰው ይቀራል። ቤት ግን አሥር ብቻ ነው። ቤት ያጡት ተደባድበው ሊተላለቁ ደረሱ። ጀይላን ይህን ማየት አልቻለም፤ መርካቶ ሄዶ አንድ ላስቲክ ሙሉ ዛጎል ገዝቶ መጣ። ሻጩ ሲመዝንለት ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደነበር የነገረኝ በኋላ ነው፤ ያኔ ምንም አልጠረጠረም።

ዛጎል ግን አፉ ቀጭን ስንጥቅ ነው፤ ዓሣ አያስገባም። ጀይላን አፋቸውን በመስታወት መሞረጃው ሊያሰፋው አሰበ። ታጥበው እንዲደርቁ የመይሙና ሰፌድ ላይ ዘረጋቸው። ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ዱካ ላይ ተቀመጠ፣ ሰፌዱን ነቅነቅ እያደረገ አንድ አንዱን እያነሳ፣ አፉን አጮልቆ እያየ፣ የሚሆነውን ወደ ቀኝ የማይሆነውን ወደ ግራ ያደርጋል።

ጠጅቱ በግቢው በር የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። ጠጅቱ ወደ ልደታ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ናት። ባሏ ሸዋንግዛው ለሁለት ወር የሰሊጥ ሥራ ብሎ ሁመራ ሄዶ ስምንት ወር ሆኖታል። ሽፍታ ይዞት ነው ይባላል።

«ጋሼ ጀይላን፣ እርስዎም ይችሉበታል ለካ» አለች።

«ምኑን?»

«ዛጎሉን።»

«ኧረ እኔ አላውቅበትም። ለዓሣ ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ጠጅቱ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። «ሸዋንግዛው ይመጣል ወይስ አይመጣም፣ እሷን ብቻ ይንገሩኝ።»

ጀይላን የሚያለቅስ ሰው ፊት ምን ማድረግ ያውቃል? «አብሽሪ» አላት። «ኢንሻአላህ ይመጣል።»

እኔም ብሆን እንዲሁ እላት ነበር። እንዲያውም ሦስት ጊዜ ብያታለሁ። ግን እኔ ስላት ፊቴ ሰፌድ ሙሉ ዛጎል አልነበረም።

ሸዋንግዛው በአራተኛው ቀን መጣ።

ከዚያ ወዲያ ግቢያችን ሰው አላጣም። አንዷ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ይደርሰኛል ወይ ብላ መጣች፤ አንዱ ልጄ ማትሪክ ያልፋል ወይ ብሎ መጣ፤ ቦሰና የምትባል የማታፍር ሴትዮ ዶሮዋን ማን እንደሰረቃት እንዲነግራት፣ የጠረጠረቻቸውን አራት ሰዎች ስም በወረቀት ጽፋ መጣች። ጀይላን ለሁሉም «እኔ መስታወት ቆራጭ ነኝ» ይላል። እነሱ ደግሞ የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ አይልም እያሉ ይበልጥ ያምኑታል። «በቃ ሂዱ» ብሎ ማባረር ነበር የሚያዋጣው። እሱ ግን ደጁ ድረስ እየሸኘ «አብሽሩ» ይላቸዋል። ለቦሰና እንኳ ስሞቹን በሙሉ አንብቦ «ሁሉም ጥሩ ሰዎች ናቸው» አላት።

እኔ ሳቅኩ። መሳቅ ያቆምኩት የቢልቂስን ነገር ስሰማ ነው።

ቢልቂስ ለመንፊያው ቱቦ ልትገዛ አብነት አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ገብታ ሰሚር ከሚባለው ባለሱቅ ጋር ተዋውቃ ነበር። ያ ቱቦ በዓመት ስድስት ጊዜ ሲቀየር ነገሩ ገብቶኛል። ሰሚር ጨዋ ልጅ ነው፤ አባቱ ስለሞቱ ያሳደጉት አጎቱ ሐጂ አብዱልወሃብ ናቸው። ሐጂ ሽማግሌ ሆነው ሊመጡ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ወሬው ጆሯቸው ገባ። ጥንቆላ በእሳቸው ቤት ቀልድ አይደለም። «ዛጎል ከሚጣልበት ቤት ሚስት አናመጣም» አሉ። ሰሚር ለመናቸው። በመጨረሻ «ራሴ ሄጄ በዓይኔ አያለሁ። ወሬው እውነት ከሆነ ጥያቄውን ሳላነሳ ተመልሼ እወጣለሁ» ብለው ቀኑን ለእሑድ አደረጉት።

ያን ዕለት ቢልቂስ ከግድግዳው ማዶ ስታለቅስ ሰማኋት፤ እኔም አለቀስኩ። ጀይላንን ግን በዚያው መንፊያ ብመታው ደስ ይለኝ ነበር።

መይሙና ዛጎሉ ከቤት ይውጣ አለች። ጀይላን መጣል አልሆነለትም፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከቶ ገንዳው ሥር ደበቀው። ደግነቱ ከዝዋይ ዓሣ የሚያመላልስ ሾፌር ትክክለኛውን የቀንድ አውጣ ቤት በኩንታል ጆንያ አምጥቶለት ነበር፤ ስልሳውም ቤት አገኘ። ገንዳው ግን አሁን ላየው ሰው ከአፍ እስከ ገደፉ ዛጎል ብቻ ሆነ። አንቀሳቅሰን ጓዳ እናስገባው ስንል ሦስት መቶ ሊትር ውኃ አልነቃነቅም አለን። ከነግርማው ሳሎን ቀረ።

እሑድ ሐጂ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። እኔ ሳምቡሳ እንዳቀርብ ተብሎ ጓዳ ነበርኩ፤ ከመጋረጃው በስተኋላ ቢልቂስ፣ መይሙናና እኔ አንድ ቀዳዳ እየተሻማን ቆመናል። ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥምና ሦስቱም ቆሙ። ጀይላን የሰርጉን ኮት ለብሷል።

«አቶ ጀይላን» አሉ ሐጂ፣ «የመጣንበት ጉዳይ ይታወቃል። ከዚያ በፊት ግን ከእርስዎ አንድ የምንሰማው አለ።»

በዚህ መሃል መብራት ሄደ።

ፀሐዩ ገና ነው፣ ቤቱ አልጨለመም። የአየር ፓምፑ ድምፅ ግን ጠፋ። ሐጂ ስለ እምነትና ስለ ስም መናገር ቀጠሉ። ጀይላን «እየሰማሁ ነው ሐጂ» ይላል፣ ዓይኑ ግን ገንዳው ላይ ነው። መይሙና እንግዶቹ ከመግባታቸው በፊት «ዛሬ ዓሣ የሚባል እንዳትነካ» ብላ አስምላዋለች። አምስት ደቂቃ ቻለ። ላቡ ኮሌታው ላይ ወረደ። ከዚያ «አፉ በሉኝ» አለና ተነስቶ፣ ኮቱን አውልቆ፣ መንፊያውን ከሶፋው ሥር ጎተተ።

«ገደለን» አለች መይሙና።

ፊስ፣ ፊስ። ሐጂ ንግግራቸውን አቆሙ። «ምን እያደረጉ ነው?»

«አየር አጥሯቸው ነው።»

«ማንን?»

«ቤተሰቡን።»

ሐጂ መነጽራቸውን አድርገው ወደ ገንዳው ጎንበስ አሉ። አሸዋ አዩ። መቶ ያህል የቀንድ አውጣ ቤት አዩ። ሌላ ምንም የለም። እንግዳ የመጣ ጊዜ ዓሦቹ ሁሉ ይሸሸጋሉ። ልጁን ሊጠይቁት የመጡት ሰው ለዛጎል አየር ይነፋል።

«የታሉ ዓሦቹ?»

«ቤታቸው ናቸው። እርስዎን ፈርተው ነው።»

ሐጂ ሌሎቹን ሽማግሌዎች ዞረው ተመለከቱ። ከዚያ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰበሰቡና አንዱን ዛጎል አውጥተው ሊያዩ እጃቸውን ውኃ ውስጥ ከተቱ። ግማሽ ጣት የማያክለው አባወራ ከየት እንደመጣ አይታወቅም፤ ወጥቶ የሐጂን ጣት ነከሰ። ሁለተኛው ደገመ። ሐጂ እጃቸውን መንጭቀው አወጡ፤ ኮፍያቸው ላይ ሳይቀር ውኃ ተረጨ።

«ነከሰኝ» አሉ፣ ጣታቸውን እያዩ።

«ልጆች ስላሉበት ነው» አለ ጀይላን፣ ይቅርታ በሚጠይቅ ድምፅ፣ መንፋቱን ሳያቆም።

ነገሩ በዚህ ሊቃና ሲል በሩ ተንኳኳ። ጠጅቱ ናት። በአንድ እጇ ሁለት ኪሎ ስኳር፣ በሌላው እጇ ሸዋንግዛውን ይዛለች። «ጋሼ ጀይላን፣ አፍዎ እውነት ነው» ብላ ጉልበቱ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። «ዛጎሉ እንዳለው ይኸው መጣልኝ፤ ምስጋናው ነው የዘገየው።»

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። ቢልቂስ እጄን ጨበጠችኝ። ሐጂ እጅጌያቸውን መልሰው ሲያወርዱ አየሁና አለቀ ብዬ አሰብኩ።

ያዳነን ሸዋንግዛው ነው። መጎተቱ ሰልችቶት ነበር መሰለኝ። «ምን ዛጎል ነው እሱ?» አለ። «እኔን ማንም አልጠራኝም። ሥራው በሁለት ወሩ አልቋል። ያጠራቀምኳትን እዚያው ስጠጣት ቆየሁ፣ ስታልቅ መጣሁ። ዛጎል ኖረም አልኖረም ማለቋ አይቀርም።»

ጠጅቱ ቀስ ብላ ቀና አለች። «ሽፍታ ይዞኝ ነው አላልክም?»

ሸዋንግዛው ወደ በሩ አፈገፈገ። ጠጅቱ ስኳሩን አንስታ፣ ባሏን እየነዳች ወጣች። የቀረውን መንገድ ላይ ተነጋግረውበታል፤ እስከ አብነት ድረስ ተሰምቷል ይባላል።

ሐጂ ወደ ጀይላን ዞሩ። «ለዚች ሴት ባልሽ ይመጣል ብለዋታል?»

«ብያታለሁ።»

«በምን አውቀው?»

«አላወቅኩም። ታለቅሳለች፣ ምን ልበላት?»

ከሐጂ ጎን የቆሙት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሐጂ፣ እርስዎም ባለፈው ወገቤን ሲያመኝ አብሽር ይሻልሃል ብለውኝ ነበር። አልተሻለኝም።»

መጀመሪያ የሳቀው ጀይላን ነው። ቀጥለው ሐጂ ሳቁ፤ ሲስቁ ደግሞ ግቢው ሁሉ ይሰማቸዋል። ሳቃቸውን ሲጨርሱ የጀይላን ክንድ መዛሉን አዩ። «አምጣ እስቲ» ብለው መንፊያውን ተቀበሉት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ። ጀይላን «ልጄን ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ» ሲል ተቀመጡ፤ ከሐጂ በቀር። ሐጂ ፊስ፣ ፊስ እያደረጉ፣ ከየዛጎሉ ብቅ ብቅ የሚሉትን ሕፃናት ዓሦች እያዩ «ሱብሃነላህ» ይላሉ።

«እንግዲህ ልጅቷ ማህሯን ትናገር» አሉ ጥቂት ቆይተው። ማህር እንደሚታወቀው ባል ለሚስቱ የሚሰጣት፣ የራሷ የሆነ ስጦታ ነው። እኛ ወርቅ ትላለች ብለን ነበር፤ መይሙና የአምባሩን ዓይነት ሁሉ መርጣለች።

ቢልቂስ ከመጋረጃው ወጣች። «ጄኔሬተር» አለች።

ሐጂ መንፊያውን እንደያዙ ዞሩ።

«ልጄ፣ ወርቅ ነው የሚጠየቀው» አሉ ሐጂ።

«ማህር የሴቷ ፈቃድ አይደለም እንዴ ሐጂ?»

«ነው።»

«እንግዲያው የእኔ ጄኔሬተር ነው። ሰሚር ሱቅ አለ፣ ትንሿ ትበቃኛለች። የምትቀመጠው ግን እዚህ ነው። እኔ ስሄድ መብራት ሲጠፋ አባዬ ብቻውን ነው የሚነፋው። ክንዱን ያመዋል።»

ጀይላን ጀርባውን ሰጥቶን ወደ ገንዳው ዞረ፣ በመዳፉ መስታወቱን መጥረግ ጀመረ። መስታወቱ ንጹሕ ነበር። እኔ ሳምቡሳውን ይዤ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ አንዱን ሽማግሌ ጉልበታቸው ላይ ዘይት አንጠባጠብኩባቸው።

ሰርጉ ሆነ። ቢልቂስ አብነት ገባች፤ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ጄኔሬተሯም መጣች፣ ቀይ ናት። የመጀመሪያው ሳምንት መብራት በሄደ ቁጥር ተነስታ የሁላችንንም ግድግዳ አንቀጠቀጠች። በሁለተኛው ሳምንት ተበላሸች። ሰሚር መጥቶ አሠራት፤ በሳምንቱ ደግማ ተበላሸች። ከዚያ ወዲያ መብራት ሲሄድ ጀይላን ስልክ ይደውላል፤ ቢልቂስ ከትምህርት ቤትም ሆነ ከቤቷ ትመጣለች፤ ከግድግዳው ማዶ ፊስ፣ ፊስ ይላል፣ ወሬውም ይቀጥላል።

አንድ ቀን ለልጅ ልጄ መጫወቻ የሚሆን ዛጎል ልጠይቅ ገብቼ ያን የወተት ቆርቆሮ ስከፍት፣ ከዛጎሎቹ መሃል በጨርቅ የተጠቀለለ የጄኔሬተር ካንዴላ አገኘሁ። ያለ ካንዴላ ሞተር እንደማይነሳ እኔም አውቃለሁ። ጀይላን ላይ አፈጠጥኩ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና «ተይው ኮከቤ» አለኝ። እኔ ሰው ማስቀየም አልፈራም፤ ግን ያን ዕለት ተውኩት።

ባለፈው ወር ቢልቂስ ሆዷ ገፍቶ፣ እያለከለከች በደጄ ስታልፍ አየሁ። መብራት ከሄደ ሩብ ሰዓት ሆኗል። ይኼ ግን አላስቻለኝም። «ነይ እዚህ» አልኳት፤ «አባትሽ እያሾፈብሽ ነው። ጄኔሬተሯ ደህና ናት። ካንዴላዋ የወተት ቆርቆሮው ውስጥ ነች።»

«አውቃለሁ እትዬ ኮከቤ» አለችኝ፣ ግድግዳውን ተደግፋ እየተነፈሰች። «ፈትቼ የደበቅኳት እኔ ነኝ። አባዬ በኋላ አገኛት፤ ግን አልመለሳትም።»

ይህን ብላ ገባች። ጥቂት ቆይቶ ከማዶ መንፊያው ጀመረ።